የታደሰ ቮልስ ሞተር ሲያንኳኳ፦ ከመክፈታችሁ በፊት ስሙት

ባለፈው መስከረም ማብቂያ ላይ አንድ አባት ቮልሳቸውን ከኮምቦልቻ ነድተው ደሴ መጡ። የ1968 ሞዴል ናት፣ ባለ 1300 ሞተር፣ ሰማያዊ። ሞተሯ ከታደሰ ገና ሁለት ወሩ ነው። ጋራዤ በር ላይ ሲደርሱ አላጠፏትም። «እስቲ ስማት ልጄ» አሉኝ። ጠጋ ብዬ ሰማሁ። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲሠራ፣ ቋ… ቋቋ… ቋ ይላል። ከታች፣ ከሞተሩ ሆድ ነው የሚመጣው።

«ቢየላ መታ ተብያለሁ» አሉ። «ተከፍቶ እንደገና ይሠራ ነው የሚሉኝ። እኔ ደግሞ ሁለተኛ የምከፍለው የለኝም።» ቢየላ ማለት ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ፣ ከሞተሩ ዋና ዘዋሪ ዘንግ፣ ጋር የሚያገናኘው ክንድ ነው።

የእሳቸውን መኪና ነገር መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። አሁን ግን እንዲህ ያለ ነገር ለገጠመው ሁሉ የምሠራበትን መንገድ ልጻፍ። ከ14 ዓመቴ ጀምሮ ጋራዥ ውስጥ ነኝ። ካንዴላ ከማጽዳት ነው የጀመርኩት። በእነዚህ ዓመታት በከንቱ የተከፈተ ሞተር ብዙ አይቻለሁ። ሳይሰሙት የከፈቱት ሞተር ደግሞ ሲገጠም ያው ድምፅ ይመለሳል፤ ምክንያቱም ጥፋቱ መጀመሪያም እዚያ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ ይቅደም። ድምፁ ከባድ ከሆነና የዘይት መብራቱ አብሮ ከበራ ወዲያው አጥፉት። «እቤት ድረስ ልድረስ» አይባልም። ያቺ መብራት የምትበራው ግፊቱ እጅግ ሲወርድ ነው። እሷ በርታ ሁለት ኪሎ ሜትር መንዳት ደህናውን ክራንክሻፍት ያበላሻል። ካልበራች ዘንጉን ሳቡና ዘይቱን እዩ። ቮልስ የምትይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ነው። በዚህ መጠን ግማሽ ሊትር ሲጎድል ቀላል አይደለም።

መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ

ቁልፍ ከማንሳቴ በፊት ባለቤቱን እጠይቃለሁ፣ መልሱን እጽፋለሁ። ድምፁ ጠዋት ሲነሳ ነው ወይስ ሲሞቅ? ሚኒሞ ላይ ነው ወይስ ነዳጅ ሲሰጡት? ዳገት ላይ ይብሳል ወይስ ቁልቁለት? ፍሪሲዮን ሲረግጡ ይለወጣል? ከታደሰ በኋላ ወዲያው ነው የጀመረው ወይስ ቆይቶ?

የመጨረሻዋን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘላታል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የነበረ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የአገጣጠም ነገር ነው። ደህና ሲሠራ ቆይቶ በሳምንቱ የመጣ ከሆነ ወይ አንድ ነገር ላልቷል፣ ወይ ዘይት አጥቶ ተበልቷል።

የቮልስን ጠባይም ማወቅ ያስፈልጋል። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። በሌላ መኪና ሲሊንደሩን የከበበው ውሃ ድምፅ ያፍናል። እሷ ዘንድ ያ የለም። ክንፍ ክንፍ ያለው ሲሊንደርና ቆርቆሮው እንደ ደወል ያስተጋባል። ደህና ቮልስም ትጮኻለች። ስለዚህ ከቻላችሁ ከማዳመጣችሁ በፊት ጤነኛ መሆኗ የታወቀ ሌላ ቮልስ ስሙ። ደሴ ውስጥ ዛሬም ጥቂት አይጠፉም። ባለቤቶቻቸውም ኮፈን ከፍቶ ለማሳየት አይሰስቱም።

ከውጭ ወደ ውስጥ

ከርካሹና ከቅርቡ ጀምሩ። ሞተሩ ጠፍቶ እጃችሁን አስገብታችሁ ሁሉንም ነቅንቁ። ማርሚታው መከላከያውን ይነካል? ፑሌጃው፣ ቺንጋው የሚጠመጠምበት ክብ ብረት፣ ከኋላው ካለው ቆርቆሮ ጋር ይፋተጋል? ሞተር ወርዶ ሲመለስ ቆርቆሮው ትንሽ ይጣመማል፣ ፑሌጃው እሱን ይልሰዋል። የተፋተገበት ቦታ ቀለሙ ተልጦ ስለሚያብረቀርቅ በባትሪ መብራት ይታያል።

ቀጥሎ ዲናሞውና ማራገቢያው። ሁለቱ በአንድ ዘንግ ላይ ናቸው፣ የሚዞሩትም በአንድ ቺንጋ ነው። የዲናሞ ኩሽኔታ ሲያልቅ ያጉረመርማል። ማራገቢያው ደግሞ ክዳኑን ሲነካ ሽርር ይላል፤ በመካከላቸው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት መኖር አለበት። የማራገቢያው ዳዶ ከላላ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ልክ እንደ ቢየላ ቋ ቋ ይላል። በዚህ የተታለለ ሰው ብዙ ነው።

መለያው ቀላል ነው። ቺንጋውን አውልቁና ሞተሩን አስነሱት። ድምፁ ከጠፋ ሞተሩ ንጹሕ ነው፣ ጥፋቱ ከላይ ነው። ግን እባካችሁ፣ ከአንድ ደቂቃ በላይ እንዳታስኬዱት። ቺንጋው ሲወልቅ ማራገቢያውም ይቆማል፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ነገር የለም። አዲስ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) በደቂቃዎች ውስጥ ሊነክስ ይችላል። እኔ ከሃያና ሠላሳ ሴኮንድ አላሳልፍም።

ለማዳመጥ ረጅም ካቻቢቴ ይበቃል። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮ ኋላ ካለው አጥንት ላይ አድርጉ። ለአየር ድምፅ ግን ካቻቢቴ አይሆንም። አንድ ሜትር የሚሆን የጎማ ቱቦ ቁረጡ፣ አንዱን ጫፍ ጆሯችሁ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ዙሪያ አዙሩ። ስትሠሩ ሻርፕ፣ ነጠላ፣ የተንጠለጠለ እጅጌ አይኑር። ቺንጋው ይዞ ይጎትታል። በሩን በተዘጋ ቤት ውስጥም ሞተር አታስነሱ። ጭሱ ሽታው ሳይታወቅ ይገድላል።

ቱቦዋ ቶሎ የምታገኘው የጭስ ማውጫ ማፍሰስን ነው። ጭስ ማውጫው ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ክዳን) ጋር የሚገናኝበት ጓርኒሽን ካልያዘ ቲክ ቲክ ቲክ ይላል። ነዳጅ ሲሰጡት ይጎላል። ሲሞቅ ብረቱ ስለሚለጠጥ ሊቀንስ ወይም ሊጠፋ ይችላል። ቫልቭ ነው ተብሎ ስንት ጊዜ ተሳስቷል! ቦታው ላይ ጥላሸት ፈልጉ። ያልጠበቀ ካንዴላም እንዲሁ ፍስ ፍስ ይላል። ዙሪያውን የሳሙና ውሃ ጠብ አድርጉበት፣ አረፋ ካወጣ እሱ ነው።

ላይኛው ቤት፦ ቫልቭ

አሁን ወደ ውስጥ ገባን። እዚህ ጋ አንድ ነገር መያዝ ያስፈልጋል። ክራንክሻፍት ሁለት ጊዜ ሲዞር ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት አንድ ጊዜ ነው የሚዞረው። ስለዚህ የቫልቭ ምት ቁጥር ከቢየላና ከፒስተን ምት በግማሽ ያነሰ ነው። በጆሮ መቁጠር ያስቸግራል። የታይሚንግ መብራት፣ ካንዴላው እሳት በሰጠ ቁጥር ብልጭ የሚለው መሣሪያ፣ ካላችሁ ግን ቀላል ነው። የ1 ቁጥር ካንዴላ ገመድ ላይ አያይዙት። መብራቱ ክራንክሻፍቱ ሁለት ሲዞር አንዴ ብልጭ ይላል። በአንድ ብልጭታ አንድ ምት ከሰማችሁ የቫልቭ ወገን ነው። ሁለት ምት ከሆነ ከታች ነው፣ ከክራንክሻፍት ጋር የሚሄድ ነገር ነው። ይህችን ዘዴ ያስተማረኝ መጀመሪያ የቀጠረኝ ሰው ነው። እስከ ዛሬ አላሳሳተችኝም።

ቫልቭ ሬጂስትሮ የሚደረገው (ክፍተቱ የሚስተካከለው) ሞተሩ ፍጹም በቀዘቀዘበት ሰዓት ነው። ሌሊቱን ያደረ ሞተር ማለቴ ነው፤ የደሴ ጠዋት ለዚህ ተስማሚ ነው። ክፍተቱ ለሚያስገባውም ለሚያስወጣውም 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንሡ። የፑሌጃው ምልክት የሞተሩ አካል ሁለት ግማሾች ከሚገጥሙበት መስመር ጋር ሲገጥምና ሮተሩ ወደ 1 ቁጥር ሲያይ ሁለቱን የ1 ቁጥር ቫልቮች ለኩ። በ13 ቁልፍ ዳዶውን አላሉ፣ በካቻቢቴ አስተካክሉ፣ ያዙና አጥብቁ። ከዚያ ፑሌጃውን ግማሽ ዙር ወደ ግራ። 2 ቁጥር ይመጣል። እንደገና ግማሽ፣ 3። እንደገና ግማሽ፣ 4። የምታቃጥልበት ተራ 1-4-3-2 ስለሆነ ወደ ኋላ ስናዞራት ቁጥሩ በቅደም ተከተል ይመጣልናል።

ቁጥሩንም አታምታቱ። ከኋላ ቆማችሁ ስታዩ በቀኝ በኩል ራቅ ብሎ ያለው 1፣ ወደ እናንተ የቀረበው 2 ነው። በግራ የራቀው 3፣ የቀረበው 4።

ስለ ቫልቭ አንድ የማምንበት ነገር አለኝ። የሚጮኸው ቫልቭ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ከታደሰ በኋላ ቀስ በቀስ ጸጥ ያለው ነው። አዲስ ቫልቭ መቀመጫው ላይ እየተቀመጠ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠብባል። ሲጠብብ ድምፅ ይጠፋል፣ ባለቤቱም ይደሰታል። በደንብ ያልተዘጋ ቫልቭ ግን ይነዳል። በተለይ የ3 ቁጥሩ። በዚያ ዘመን ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው ለ3 ቁጥር የሚሄደውን አየር ይሻማዋል፤ ስለዚህ ከሌሎቹ የበለጠ ይሞቃል። ከእድሳት በኋላ 500 ኪሎ ሜትር ላይ ዘይት ስትቀይሩ ቫልቩን ሳትለኩ አትለፉ።

ታችኛው ቤት፦ ፒስተን፣ ቢየላ፣ ክራንክሻፍት

ጠዋት ሲነሳ ከጎን ቀ-ቀ-ቀ የሚልና ሲሞቅ የሚቀንስ ድምፅ የፒስተን ነው። አዲስ ፒስተንና ሲሊንደር መካከል ያለው ክፍተት ከ0.04 እስከ 0.06 ሚሊ ሜትር ነው። 0.2 ከደረሰ አልቋል። ቮልስ ላይ ሌላም ምክንያት አለ። ፒስተኑ አናት ላይ ቀስት አለ፤ ወደ ቮላኖው፣ ፍሪሲዮኑ ወደሚቀመጥበት ከባድ ክብ ብረት፣ ማየት አለበት። ፒስተኑን ከቢየላው ጋር የሚያያይዘው ፒን መሃል ላይ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ነው የተሠራው። ተገልብጦ ከገባ ያጨበጭባል። ይህ የሚታየው ቴስታታው ሲወርድ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ያደሰላችሁን ሰው በትሕትና መጠየቅ የሚሻለው። «ቀስቱን ወደየት አድርገኸው ነበር ወንድሜ?» ብትሉት መልሱ ራሱ ብዙ ይነግራችኋል።

የቢየላ ብሮንዝ፣ ቢየላው ክራንክሻፍቱን የሚያቅፍበት ስስ ብረት፣ ሲበላ ድምፁ ጠንካራና ጥርት ያለ ነው። ከሚኒሞ ይልቅ መካከለኛ ፍጥነት ላይ ይሰማል። ነዳጅ ሰጥታችሁ ድንገት ስትለቁት ትርርር ብሎ ይደረድራል። ለማረጋገጥ የካንዴላ ገመዶቹን ተራ በተራ ንቀሉ። በባዶ እጅ አይሞከርም፣ የጎማ ጓንት አድርጉ። እሳት ያጣው ፒስተን ቢየላውን በኃይል መግፋቱን ያቆማል። አንዱን ስትነቅሉ ድምፁ ከቀነሰ ወይም ከጠፋ ያ ሲሊንደር ነው። አራቱንም ነቅላችሁ ምንም ካልተለወጠ ቢየላ ነው ብላችሁ ሞተር አትክፈቱ።

የክራንክሻፍቱ ዋና ብሮንዝ ግን እንዲህ አይለይም። እሱ ዱም ዱም ነው፣ ከጆሮ ይልቅ በወንበሩ በኩል ሰውነት ይሰማዋል። ጭነት ሲበዛ ይብሳል። እዚህ ላይ የዘይት ግፊት መለኪያ ያስፈልጋል። ሞተሩ ሞቆ በደቂቃ 2500 ዙር ላይ ከ2 ባር በታች ካሳየ ነገሩ ከባድ ነው።

ዘይቱም ይናገራል። ቮልስ የወረቀት ፊልትሮ የላትም፣ ከሥሯ በስድስት ትንንሽ ዳዶ የተያዘ ወንፊት ነው ያለው። አውርዱትና ነጭ ጨርቅ ላይ አራግፉት። ማግኔት አስጠጉ። የሚሳበው ብረት ነው፦ ፋሻ፣ ካምሻፍት፣ ጥርስ። የማይሳብ ነጭ ብናኝ ፒስተን፣ የሞተሩ አካል ወይም የብሮንዙ ላይኛው ሽፋን ሊሆን ይችላል። ቀይ የመዳብ ቀለም ካያችሁ ብሮንዙ ሽፋኑን ጨርሶ ሥሩ ደርሷል። ያኔ አታስነሱት፣ አውርዱት። አዲስ በታደሰ ሞተር ላይ ትንሽ ግራጫ ብናኝ ግን አያስደንግጣችሁ።

ሐረጎ

እኛ የደሴና የኮምቦልቻ መካኒኮች እግዜር የሰጠን መፈተሻ አለን። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ከ1900 በታች ናት። በመካከል ሐረጎ የሚባለው ዳገት አለ፣ ጥምዝ በጥምዝ። ሀያ ምናምን ኪሎ ሜትር ውስጥ ሞተር የሚናገረውን ሁሉ ይናገራል።

ስትወርዱ ማርሽ አስገብታችሁ እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንሡ። ሞተሩ ያለ ጭነት ይጎተታል። ስትመለሱ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ጫኑት። ወርዶ ዝም፣ ወጥቶ የሚጮህ ከሆነ ጭነት የሚወድ ድምፅ ነው፦ ዋና ብሮንዝ፣ የጭስ ማውጫ ማፍሰስ፣ ወይም ቀድሞ የሚቀጣጠል ቤንዚን። ከጭነት ወደ ባዶ በሚቀየርበት ቅጽበት ብቻ የሚደረድር ከሆነ ቢየላን ጠርጥሩ።

ቀድሞ የሚቀጣጠለው ቤንዚን በተለይ የኛ አገር ጉዳይ ነው። ድምፁ ቆርቆሮ ላይ እንደሚበተን ሽምብራ ነው። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲተያይ ሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ጥቂት ነው። ታይሚንጉ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት) ትንሽ ቢቀድምም አይሰማም። ኮምቦልቻ ስትወርዱ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ዳገቱን ስትጀምሩ ሽምብራው ይበተናል። ደሴ ላይ ታይሚንግ አስተካክሎ «ደህና ነው» ብሎ መስጠት ለዚህ አይበቃም። ኮምቦልቻ ለሚኖር ሰው ኮምቦልቻ ወርዶ መሞከር ነው። የጭነት መኪናው ብዙ ስለሆነ መስኮት ከፍቶ የሚያዳምጥ ሌላ ሰው ይኑር፤ የሚነዳው መንገዱን ብቻ ይይ።

የሰማያዊዋ ቮልስ ነገር

ወደ እኚያ አባት ልመለስ። ቡና እየጠጣን ጠየቅኳቸው። ከታደሰች ቀን ጀምሮ ነው አሉ። ሚኒሞ ላይ ይብሳል፣ ስትሮጥ ይቀንሳል። ይህ የቢየላ ጠባይ አይደለም። አራቱንም ገመድ ተራ በተራ ነቀልኩ፣ ድምፁ ንቅንቅ አላለም። ቺንጋውን አወለቅኩ፣ አሁንም አለ። ከዚያ «አባባ፣ ፍሪሲዮን ይርገጡልኝ» አልኳቸው። ረገጡ። ጸጥ። ለቀቁ፣ ቋ ቋ።

ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚጠፋ ድምፅ የማርሽ ሳጥኑም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ አላመንኩትም። ሞተሩን አጥፍቼ የታችኛውን ፑሌጃ በሁለት እጄ ያዝኩና ወደ ራሴ ሳብኩ፣ ገፋሁ። ቀጭ አለ። ክራንክሻፍቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል። ደህና ሞተር ላይ ይህ እንቅስቃሴ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፣ እጅ አያውቀውም። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ክራንክሻፍቱን ወደ አንድ ወገን ገፍቶ ስለሚይዘው ነው ጸጥ ያለው።

ሞተሩን አወረድነው። ቮልስ ላይ ይህ ከባድ አይደለም፤ አራት ብሎን ነው፣ ከሥሩ ክሪክ፣ አንድ ረዳት። አካሉን ግን አልከፈትንም። ቮላኖውን በ36 ቡሶላ ፈታን። ከኋላው ሦስት ቀጫጭን ሮንዴላዎች መኖር ነበረባቸው። ሁለት ብቻ ናቸው። ያደሰው ሰው ወይ ጠፍታበት ወይ ረስቶ ሦስተኛዋን አላስገባም።

አለካኩ እንዲህ ነው። በሁለቱ ሮንዴላዎች ቮላኖውን ገጥማችሁ አጥብቁ፣ ሰዓት የምትመስለውን መለኪያ ቮላኖው ላይ አስደግፉ፣ ክራንክሻፍቱን ግፉና ሳቡ። 0.42 አነበብኩ። ከዚያ ላይ መኖር ያለበትን 0.10 ቀንሱ። 0.32 ይቀራል። የሦስተኛዋ ሮንዴላ ውፍረት ይህ ነው። 0.24፣ 0.30፣ 0.32፣ 0.34፣ 0.36 እየተባሉ ስለሚሠሩ ልኳ ይገኛል። ሦስቱን አስገብታችሁ ደግማችሁ ለኩ። ሮንዴላዎቹ በጣት ሲነኩ መሻከር የለባቸውም፣ ዘይት ቀብታችሁ ነው የሚገቡት። የቮላኖው ትልቅ ብሎን ወደ 300 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል። በአጭር ቁልፍና በግምት አይሆንም። እሱ ራሱ ከላላ ሌላ ማንኳኳት ያመጣል።

ማታ 12 ሰዓት ላይ አስነሳናት። እኚያ አባት ኮፈኑ ላይ አጎንብሰው ረጅም ጊዜ ሰሙ። ፍሪሲዮኑን ራሳቸው ረገጡ፣ ለቀቁ፣ እንደገና ረገጡ። ምንም የለም።

ኅዳር ላይ 500 ኪሎ ሜትሯን ሞልታ ዘይት ልትቀይር ተመለሰች። ድምፅ የላትም። የቫልቭ ክዳኑን ከፍቼ ለካሁ። የ3 ቁጥሩ የጭስ ማስወጫ ቫልቭ 0.05 ደርሶ ጠቦ አገኘሁት። ወደ 0.15 መለስኩት።